ደረስጌ ማርያም፦ ለውቤ የተዘጋጀው ዘውድ ለቴዎድሮስ የሆነበት ደብር

አፄ ቴዎድሮስን የማያውቅ ወጣት የለም። ሹሩባቸው ቲሸርት ላይ አለ፤ ባጃጅ ጀርባ ላይ ተለጥፏል፤ ቲክቶክ ላይ ደግሞ ፉከራና ቀረርቶ ገብቶለት በየቀኑ ይለቀቃል። ግን የት ነገሡ ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ጎንደር ብለን ነው የምንመልሰው። አይደለም። የነገሡት ስሜን ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም ነው። እሱም ሌላ ሰው ለራሱ ንግሥ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን።

ያ ሌላ ሰው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይባላሉ፤ የስሜንና የትግራይ ገዥ ነበሩ። ደረስጌን ማየት የሁለቱን ሰዎች ታሪክ አንድ ላይ ማየት ነው። አንዱን ብቻ ይዞ መመለስም ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይኼንኑ ነው። እኛ ግን ዛሬ ሁለቱንም እንያቸው። ከታች የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ

ከጎንደር ወደ ሰሜን ስትወጡ ወገራን ይዛችሁ ዳባት ትደርሳላችሁ። ከዳባት ቀጥሎ ደባርቅ ነው፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደባርቅ ብርድ ነው፤ ጋቢ ሳይዝ የመጣ ሰው ማታ ላይ ይጸጸታል። ዋናው መንገድ ከዚያ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል ይወርዳል። ወደ ደረስጌ የሚሄድ ሰው ግን ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ያቋርጣል። ሳንቃበርን ያልፋል፣ ጨነቅን ያልፋል፣ በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣና ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። ደረስጌ ያለችው እዚያ ነው፣ ከመካነ ብርሃን ከተማ አቅራቢያ።

መንገድ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ ታያላችሁ። ዕድል ከቀናችሁ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ዋልያ ታገኛላችሁ። ግን አንድ ነገር አስቡት፦ ዛሬ በመኪና እንኳ ትንፋሽ የሚያሳጥረውን ይህን ተራራ፣ ያን ጊዜ ጦር ይዞ፣ ጠመንጃና ስንቅ ተሸክሞ በእግር መውጣት ምን ማለት ነበር? ለዚህ መልሱ የካሳ ሕይወት ውስጥ አለ።

ከቋራ እስከ ስሜን

ካሳ ኃይሉ የተወለደው በ1811 ዓ.ም. አካባቢ ቋራ ነው። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞቱበት፤ እናትና ልጅ ተቸገሩ። በኋላ ጠላቶቹ እናቱን ኮሶ ሻጭ እያሉ ይሰድቡት የነበረው ከዚያ ዘመን ድህነት ተነስተው ነው። ገዳም ገብቶ ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ። ቀጥሎ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ፤ ውጊያም እዚያው ተማረ። ክንፉ ሲሞቱ ግን ርስቱም ሹመቱም ለሌላ ሆነ። ካሳ ቋራ በረሃ ገብቶ ሸፈተ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ቤተ መንግሥት የሚቀመጠው ንጉሥ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ሥልጣኑ ያለው በየአገሩ ባሉት መሳፍንት እጅ ነው። ከሁሉም በላይ የሚታዩት ደብረ ታቦር የተቀመጡት ራስ አሊ ናቸው። ራስ አሊና እናታቸው እቴጌ መነን ይህን የቋራ ሽፍታ በጦር ብቻ አላሸነፉትም፤ ስለዚህ በጋብቻ ሊይዙት ሞከሩ። የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ካሳ ተዋበችን ከልቡ ወደዳት፤ ሹመቱና ንቀቱ ግን አልተዋጠለትም። እንደገና ተነሣ። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ራሳቸውን ማረከ።

በ1840 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ዘልቆ ከግብፆች ጋር ተጋጠመ። ቦታው ደባርቂ ይባላል፤ ከስሜኑ ደባርቅ ጋር እንዳታምታቱት፣ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ተሸነፈ። ምሽግ ውስጥ ያለ፣ መድፍ የያዘና በሥርዓት የሠለጠነ ጦርን በጀግንነት ብቻ መርታት እንደማይቻል በዓይኑ አየ። ያቺ ሽንፈት ዕድሜ ልኩን ከአእምሮው አልወጣችም። የመድፍ ነገር ሕልሙ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፍጥነት ዛሬም ያስገርማል። በ1845 ዓ.ም. መጀመሪያ ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረገ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የራስ አሊን የጦር አለቆች ጎርጎራ አጠገብ መታቸው። በሰኔ ደግሞ አይሻል ላይ ራስ አሊን ራሳቸውን አሸነፈ። የየጁዎች የበላይነት በዚያች ቀን አበቃ። ከዚያም የጎሹን ልጅ ብሩን ያዘ። አሁን ከፊቱ የቀረ አንድ ትልቅ ሰው ነበር፦ ስሜን ላይ የተቀመጡት ውቤ።

የውቤ ደብር

ደጃዝማች ውቤን ዝም ብሎ በካሳ የተሸነፈ ሰው ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ከ20 ዓመት በላይ ስሜንን የገዙ፣ ትግራይንም የያዙ፣ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ዓይናቸውን የጣሉ ሰው ነበሩ። ወደቡ ምፅዋ በባዕድ እጅ መሆኑ ያንገበግባቸው ነበር። ከባሕሩ በኩል ጠመንጃ ያስመጡ ነበር፤ በዘመኑ ብዙ ጠመንጃ ካላቸው መሳፍንት አንዱ እሳቸው ናቸው። አገሩ ያለ ጳጳስ ብዙ ዓመት ሲቆይ፣ ግብፅ ልከው አቡነ ሰላማን ያስመጡትም እሳቸው ናቸው።

አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር እጃቸው ገብቶ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ከራስ አሊ ጋር ተዋግተው አሸነፉ። ግን ድሉን ሲያከብሩ ሳይጠነቀቁ ቀሩና ተማረኩ። በኋላ ተፈትተው ስሜን ተመለሱ። ከዚያ ነው ደረስጌ ላይ ትልቁ ሥራ የቀጠለው። ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ጀርመናዊ ሰዓሊ በቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ላይ አገልግሏቸዋል። ያስመጧቸው አቡን ቀብተው እዚያው እንዲያነግሷቸው ነበር ሐሳባቸው። ቤቱ ተዘጋጅቷል፣ ጳጳሱ አሉ፣ የቀረው ቀኑ ብቻ ነው።

ቀኑ መጣ፤ ለሌላ ሰው ሆነ እንጂ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ጦሩን ይዞ የስሜንን ተራራ ወጣ። ደረስጌ ላይ ጦርነት ሆነ። ውቤ ተማረኩ፣ ጦራቸው ተበተነ፣ ጠመንጃቸውና ሀብታቸው ለአሸናፊው ሆነ። ጥቂት ቀናት ብቻ ቆይቶ፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ እነዚያው አቡነ ሰላማ ካሳን ቀብተው አነገሡት። የንግሥ ስሙ ቴዎድሮስ ሆነ፤ አንድ ቀን መጥቶ ፍትሕና ሰላም ያመጣል እየተባለ በትንቢት ሲጠበቅ የኖረው ንጉሥ ስም። ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ ነው የምንላቸው።

ውቤ በእግር ብረት ታስረው ወረዱ። ዳግመኛ ስሜንን አልገዙም።

ሁለቱ ቴዎድሮስ

አዲሱ ንጉሥ የተመኙት ትልቅ ነው። የተበጣጠሰውን አገር በአንድ ንጉሥ ሥር ማድረግ፤ ወታደር ገበሬ ቤት ገብቶ እየዘረፈ ከሚኖር ደመወዝ እንዲቆረጥለት ማድረግ፤ የባሪያ ንግድን መከልከል። ከዘውዱ በኋላ ወራት ሳይቆዩ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ፣ ከዚያ ሸዋን አስገበሩ። ትንሹን ምኒልክንም ወስደው መቅደላ አስቀመጡት። ዛሬ ኢትዮጵያ ብለን የምንጠራት አገር አንድ ትሁን ብሎ በዘመነ መሳፍንት ፍርስራሽ ላይ የተነሣ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ይህን የሚክድ የለም።

ግን ደመወዝ ለመክፈል ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ሲነኩ ካህናቱ ተቃወሟቸው። አንዱን አገር አስገብረው ሲመለሱ ሌላው ከኋላቸው ይሸፍታል። በ1850 ዓ.ም. ተዋበች ሞቱባቸው። ብዙዎች የንጉሡን ጠባይ መለወጥ የሚቆጥሩት ከዚያ ጀምሮ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ተመልሶ ወደ ደባርቅ ይመጣል።

በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደን ጎንደር አጠገብ በሸፋቹ በጋረድ ሰዎች ተወግቶ ሞተ። ፕላውደን የንጉሡ ወዳጅ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ንጉሡ ጋረድን አሳድደው ደባርቅ አካባቢ ገጠሙት። ጋረድ ተገደለ። ግን በዚያ ውጊያ ሌላው ወዳጃቸው እንግሊዛዊው ጆን ቤልም ሞተ። ቤል ለብዙ ዓመት ከጎናቸው ያልተለየ ሰው ነው። ቴዎድሮስ ሐዘናቸውን የተወጡት በምርኮኞቹ ላይ ነው። እጃቸውን የሰጡ በመቶ የሚቆጠሩ የጋረድ ሰዎች ተገደሉ።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ከደረስጌ ዘውድ እስከ ደባርቅ እልቂት 6 ዓመት እንኳ አልሞላም። ዘውዱና ደሙ በአንድ ተራራ ግራና ቀኝ ናቸው። ዘውዱን የጫነውን ሰው ስም ሁላችንም እናውቃለን። ደባርቅ ላይ የወደቁትን ግን ማን በስም ያውቃቸዋል? እነሱም እናት ነበራቸው፤ አብዛኞቹ ጌታቸውን ተከትለው የመጡ የገበሬ ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ቢሆን ኖሮ በንዴት ነው ብለን እናልፈው ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፤ በገዛ ንጉሧ። ቀብተው ያነገሷቸው አቡነ ሰላማም መቅደላ ላይ እንደታሰሩ ሞቱ።

ከባሕር የመጣው ጦር

በ1855 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የፈለጉት ወዳጅነትና የእጅ ሙያ የሚያውቁ ሰዎች ነው። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንጉሡ እንደተናቁ ገባቸው፤ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩት፣ ሌሎችንም ጨመሩ። እስከዚያው ግን አልተቀመጡም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሙያተኞችን ይዘው መድፍ ያሠሩ ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ያን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ገደሉን እየጠረቡ መንገድ እያወጡ፣ 6 ወር ገደማ ፈጅቶባቸው መቅደላ አደረሱት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር።

እንግሊዞች ደግሞ በባሕር መጡ። ውቤ ሊይዙት የተመኙት፣ ቴዎድሮስም ወደቡን አጥተው የተቆጩበት ያ ቀይ ባሕር ለጄኔራል ናፒየር በር ሆነ። ዙላ ላይ ወደብ ሠሩ፣ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። 13,000 ያህል ወታደር፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ጓዝ ጫኝና ከብት፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ ተራራውን ወጡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሁሉ ጦር ከባሕሩ እስከ መቅደላ ሲጓዝ ያገኘው መንገድ የሚያሳይና እህል የሚሸጥ ሰው እንጂ ጦር ይዞ የሚያቆም አልነበረም። ለምን? ሕዝቡ አገሩን ጠልቶ ነው? አይደለም። ንጉሡ በ13 ዓመት ውስጥ ያልቀጡት አገር፣ ያላሰሩት ባላባት፣ ያላስለቀሱት ቤት አልቀረም ነበር። ያ ትልቅ ሠራዊታቸውም ከድቶ ከድቶ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ቀርቷቸው ነበር። በዚያው ሰሞን መቅደላ ላይ የነበሩ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞች በትእዛዛቸው ተገድለው ወደ ገደል ተወረወሩ።

በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ታማኙ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቀ፤ ከንጉሡ ጦር 700 ያህል ሰው አለቀ። ከእንግሊዞች የሞተው 2 ብቻ ነው። ሴባስቶፖል አልሠራም። ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ፤ እጄን ግን አልሰጥም አሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ እንግሊዞች በሩን ሰብረው ሲገቡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ዕድሜያቸው 50 ገደማ ነበር።

የሚያኮራንም ይህ ነው። ሊማረኩ፣ ታስረው ለንደን ላይ ለእይታ ሊቀርቡ አልፈለጉም። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ነገሥታት ባዕድ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ከመቅደላ ተምረዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበረው ያ የመቅደላው ልጅ ምኒልክ አድዋ ላይ ሲቆም ብቻውን አልነበረም፤ አገሩ ከኋላው ነበር።

የውቤ የልጅ ልጅ

የደረስጌ ታሪክ መቅደላ ላይ አላበቃም። ቴዎድሮስ ከተዋበች በኋላ ያገቡት ማንን ነበር? የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን። አባቷን በብረት ያሰረውን ሰው አገባች። በ1853 ዓ.ም. ልጅ ወለዱ፤ ዓለማየሁ አሉት። ስለዚህ ዓለማየሁ የቴዎድሮስ ልጅ ብቻ አይደለም፤ የስሜኑ የውቤ የልጅ ልጅም ነው። ደረስጌ ላይ የተዋጉት ሁለቱ ቤቶች በዚህ ልጅ ላይ ታረቁ።

መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞች ጥሩወርቅንና ልጇን ይዘው ወደ ባሕሩ ተመለሱ። ጥሩወርቅ ባሕሩን አላየችም፤ ትግራይ ውስጥ መንገድ ላይ ታማ ሞተች፣ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበረች። ልጁ በ7 ዓመቱ መርከብ ላይ ወጣ። እንግሊዝ አገር አደገ፣ ተማረ፣ ተከፋ፣ ታመመ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ። ዊንድዘር ነው የተቀበረው። በ2015 ዓ.ም. አጽሙ እንዲመለስ ለቀረበው ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም አለ። ከመቅደላ በ15 ዝሆንና በ200 በቅሎ ገደማ የተጫነው ዝርፊያም አብዛኛው እዚያው ነው፤ ብሪቲሽ ላይብረሪ ብቻ 350 ያህል ብራና ይዟል። ከንጉሡ ራስ የተቆረጠው ጸጉር ግን በ2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

እንዴት እናስታውሳቸው?

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። ጋናን ወደ ነፃነት የመሩት ክዋሜ ንክሩማ መታሰቢያ አክራ ከተማ፣ ከውቅያኖሱ ዳርቻ አቅራቢያ ነው፤ በ1949 ዓ.ም. ነፃነት ያወጁበት ቦታ ላይ። አዲስ አበባ አፍሪካ ኅብረት ግቢም ሐውልታቸው ቆሟል። አክራ ላይ ግን ከትልቁ ሐውልት ሌላ አንድ የተሰበረ ሐውልት አለ። በ1958 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ የተሰባበረው የድሮው ሐውልታቸው ነው። የተቆረጠው ጭንቅላት ዓመታት ቆይቶ ተገኘና ከጎኑ ተቀመጠ። ጋናውያን ሊደብቁት ይችሉ ነበር። አልደበቁትም። የሚጎበኝ ሰው የተወደዱበትንም የተጠሉበትንም አብሮ ያያል።

እኛ ጋ ቴዎድሮስ በሐውልት አልታጡም። ጎንደር መሃል ከተማ ቆመዋል። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል አምሳያ አለ፤ ዋናው መቅደላ ተራራ ላይ ነው። የጎደለን የሰባበርነው ክፍል ነው፦ የውቤ ስም፣ የደባርቅ ምርኮኞች፣ የተቃጠለችው ጎንደር። ይህን መናገር ንጉሡን ማሳነስ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ ግን የሚያሳንሳቸው ሥዕል ብቻ አድርጎ ማስቀረት ይመስለኛል። አገር አንድ ላድርግ ብሎ የተነሣ ሰው አገሩ ከኋላው የጠፋው እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ ለዛሬ ትውልድ ከሹሩባውና ከሽጉጡ ይበልጣል። በኃይል የተሰበሰበ ሰው በክፉ ቀን እንደሚበተን ከእሳቸው ሕይወት በላይ የሚያስተምር የለም።

ደረስጌ መሄድ የምትፈልጉ፣ መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ደባርቅ ላይ ካሉ ሰዎች ጠይቁ። ከዝናቡ ወራት ውጪ ሂዱ፣ ብርድ ልብስ ያዙ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ካህናቱን አስፈቅዱ። ስትለጥፉት ደግሞ ከፎቶው ሥር ሁለቱንም ስም ጻፉ፦ የነገሡትን ቴዎድሮስንም፣ ያሠሩትን ውቤንም። ደባርቅ ላይ ሻይ ለመጠጣት ስትወርዱም እነዚያን ስማቸው ያልተጻፈውን ሰዎች አንድ ጊዜ አስቧቸው።